እኛስ መቼ ነው የምንሳፈረው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከንፋስ መውጫ ቡድን የቀረበ ንግግር)

ብርዳችንን ስለቻላችሁልን እናመሰግናለን። የከተማችን ስም በከንቱ አልወጣም፤ በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉ።

ባለፈው ዓመት ከዚሁ ቦታ ቆመን የተናገርነው ስለ ድንች ዘርና ስለ በግ ማድለብ ነበር። ዘንድሮ የማኅበሩ ጸሐፊ «ምን ይዛችሁ ትቀርባላችሁ?» ብላ ስትጠይቀን «ስለ ዕረፍትና ስለ ጉዞ» አልናት። ትንሽ ዝም አለችና «የምን ዕረፍት?» አለች። ጥያቄዋ አልከፋንም፤ እኛም ከአንድ ጊዜ በላይ ጠይቀነዋል። ዛሬ የምንናገረው ተምረን ያወቅነውን አይደለም፤ የተሳሳትነውን፣ የሞከርነውንና አሁንም የምንከራከርበትን ነው። በመጨረሻም ምክራችሁን እንለምናለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የብድር ጥያቄ ነው። ቡድናችን እንደ ሌሎቹ የራስ አገዝ ቡድኖች በየሳምንቱ ተሰብስቦ ይቆጥባል፣ ያበድራል። ብድር የሚሰጠው ለንግድ፣ ለሕክምናና ለልጅ ትምህርት እንደሆነ በመተዳደሪያ ደንባችን ተጽፏል። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከመካከላችን በዕድሜ ጠና ያለች አንዲት እህታችን ተነሥታ ብድር ጠየቀች። «ለምን ጉዳይ?» ስንላት «ለገና ላሊበላ ልሄድ» አለች።

ይህች እህታችን ኑሮዋ ከመንገዱ ጋር ነው። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። እሷ ደግሞ መኪና በሚቆምበት ቆማ ቆሎና የተቀቀለ ድንች ትሸጣለች። ሃያ ዓመት ገደማ በመስኮት አቀብላለች። በታኅሣሥ ነጭ የለበሰ ሰው የሞላበት አውቶቡስ እየተከታተለ ወደ ጋሸና ሲያልፍ፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ ሲታጠፍ ታውቃለች። መልስ ቆጥራ ሳትጨርስ መኪናው ይንቀሳቀሳል። ከጋሸና ወዲያ ግን እግሯ ረግጦ አያውቅም ነበር። ጋሸና ደርሶ ላሊበላ ማለት እኮ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው!

እኛ ምን አልናት? አንዷ «ደንቡ አይፈቅድም» አለች፤ ልክ ነበረች። ሌላዋ «በዚህ ብር አንዲት ጠቦት ግዢበት፣ ለፋሲካ ትደርስልሻለች» አለች። «ስለት ካለብሽ በእግር ቢሆን ነው ዋጋ የሚያሰጠው» ያለችም ነበረች፤ ዛሬ እዚህ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች። በመጨረሻ «ለሚመጣው ዓመት ያድርሰን» ብለን ዘጋነው። እህታችን «ይሁን» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አላነሣችውም።

የሚመጣው ዓመት እንዴት እንደመጣ ታውቃላችሁ። በዚያው በ2012 መጋቢት ኮሮና ገባ፤ መናኸሪያው ጭር አለ፣ ቆሎውም የሚገዛው ጠፋ። በ2013 ጥቅምት በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ ነሐሴ ላይ እኛው ከተማ ውስጥ ገባ። በዚያ ነሐሴ በከተማችን ሴቶች ላይ የደረሰውን እዚህ ያለን አንዘረዝረውም። ከሩቅ ለምታነቡን ደጋፊዎቻችን ግን፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል 16 የንፋስ መውጫ ሴቶችን አነጋግሮ በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ያወጣው ዘገባ አለ፤ እሱን ማንበብ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስብሰባችን ስብሰባ አይባልም ነበር። ብሩን እንቆጥራለን፣ እንፈርማለን፣ እንበተናለን። ቡና እንኳ የሚያፈላ አልነበረም። ማንም ማንንም «እንዴት ነሽ?» ብሎ መልሱን ቆሞ አይሰማም፤ መልሱን ስለምንፈራው ነው መሰለን።

ይህን ዝምታ የሰበረው ስልጠናም ምክርም አልነበረም። አንዲት ወጣት አባላችን በስልኳ ካርድ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጭና መጣች። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ማለታችን ነው። ከመካከላችን ግማሾቻችን ማንበብ አንችልም፤ መስማት ግን ማን ይከለክለናል? ስልኩን ባዶ ገንቦ ውስጥ ስናስቀምጠው ድምፁ ቤቱን ሞላው። ቡና ተፈላ። አንዲቱ እንዝርቷን ይዛ መጣች፣ ሌላዋ ስፌቷን።

በሦስተኛው ሳምንት ጠብ ተነሣ። የተጣላነው በፊታውራሪ መሸሻ ነው። አንዷ «ልጁን ለማን ሊድር ነው እንደዚህ ቤት ዘግቶ የሚያስቀምጣት?» ብላ ተቆጣች። ሌላዋ «አባት ነዋ፣ ክብሩን ነው የጠበቀው» አለች። «ክብሩን ሲጠብቅ ልጁን አጣ!» ብላ ሦስተኛዋ ጮኸች። ጉዱ ካሳን በተመለከተ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ግማሾቻችን «እብድ» እንለዋለን፣ ግማሾቻችን «ጤነኛው እሱ ብቻ» እንላለን። በዚያ ጭቅጭቅ መካከል አንዲት ከነሐሴ ወዲህ ድምፅዋን ሰምተነው የማናውቅ እህታችን «በዛብህም እኮ ቢሆን ፈሪ ነው» አለች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ሳቅን። እሷም ሳቀች።

ታሪኩ ሊያልቅ ሲል፣ ሰብለ በዛብህን ፍለጋ በመንገድ ላይ ስትንከራተት ከሰማን በኋላ፣ አንዷ ድንገት «ያቺን የላሊበላ ብድር እኮ ከልክለናታል» አለች። ቆሎ ሻጯ እህታችን ጥጧን እየፈተለች «ተዉት፣ እሱ አልፏል» አለች። አላለፈም ነበር።

በዚያ ቀን የጉዞ ሣጥን የምንለውን ጀመርን። ከመደበኛው ቁጠባ ውጭ ነው፤ በሳምንት አምስት ብር፣ የቻለች አሥር። የብድሩን ደንብ አልነካንም። ይህን ለደጋፊዎቻችን በግልጽ መናገር እንወዳለን፦ በዚህ ሣጥን ውስጥ ከእናንተ የመጣ አንድ ብር የለበትም። ለዘር የሰጣችሁን ዘር ሆኗል፤ ለበግ የሰጣችሁንም በግ። የተጓዝነው በቆሎአችን፣ በጠላችንና በእንቁላላችን ነው። ሆኖም አንዳንዶቻችሁ ይህን ብንጠይቃችሁ ምን ትሉ ነበር ብለን አልፎ አልፎ እናስባለን። ለሴት ስለ ማረፍ የሚያስብ ድጋፍ እስካሁን አላጋጠመንም፤ ስለ መሥራት የሚያስብ ግን ብዙ ነው።

በ2015 ጥር መጀመሪያ፣ ገና ካለፈ በኋላ ጥምቀት ሳይደርስ፣ አሥራ አራት ሆነን ተነሣን። ለገና ያልሄድነው አውቀን ነው። በታኅሣሥ 29 በላሊበላ ያለው ሕዝብ ለመግለጽ ያስቸግራል፤ ማደሪያው ይወደዳል፣ ጉልበት የሌላት በግፊያው ትጎዳለች። እህታችንን ስንጠይቃት «ቤቱ ገና ካለፈ በኋላ ይፈርሳል እንዴ?» አለችን። ፆሙም ስለተፈታ ስንቃችን ዳቦ ቆሎ ብቻ ሳይሆን ቅቤ የገባበት ጨጨብሳም ነበረበት።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን፣ ጨጨሆን በማለዳ ተሻገርን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ ያንን ከባድ መድፍ ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ያለፉት በዚህ ተራራ ነው። እኛ በመኪና ተቀምጠንም ጆሯችን ተደፍኖ ነበር። ሁለቱ አባሎቻችን በመኪና ጉዞ የሚያስመልሳቸው ስለሆኑ ሎሚ ይዘው ነበር፤ ለአንዷ ሠራላት፣ ለሌላዋ አልሠራላትም። ከፊት መቀመጧ ነው የተሻላት።

እዚህ ላይ ለምትጓዙ እህቶች የደረሰብንን እንንገራችሁ። ከባለ ሚኒባሱ ጋር የተስማማነው በቃል ነበር። ጋሸና ስንደርስ ሰውየው «ነዳጅ ጨምሯል፣ ጨምሩ» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርድ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ግማሹን ጨመርንለት፤ ምን እናድርግ? ከዚያ ወዲህ ደንባችን እንዲህ ሆኗል፦ ዋጋው መሄጃም መመለሻም ተብሎ በወረቀት ይጻፋል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ እኩሌታው የሚከፈለው ደጃችን ስንመለስ ነው። ብሩንም አንድ ሰው ብቻ አይይዘውም፤ ሦስት መቀነት ውስጥ ይከፋፈላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ከዚያ የመጡ ሾፌሮችን እንጠይቃለን፤ አንድ ሾፌር ብቻ ሳይሆን ሁለት ሦስት። መታወቂያ ያልያዘች አትሳፈርም።

ሌላም በወንዶች ፊት የማንናገረው ነገር አለ፤ ዛሬ ሴቶች ብቻ ስለሆንን እንናገረው። ከአሥራ አራታችን ሁለቱ ላሊበላ ሲደርሱ የወር አበባቸው መጣ። ስንት ወር ቆጥበው መጥተው ቤተ ክርስቲያን ሳይገቡ ደጅ ቆሙ። አንዷ አለቀሰች። ሌላዋ ደግሞ በደጁ ተቀምጣ የሁላችንን ጫማ ስትጠብቅ ዋለችና «እኔ ደግሞ ለመጣው ሁሉ ጫማ ጠባቂ ሆንኩ» ብላ አሳቀችን። የጉዞውን ቀን ስንቆርጥ ማንም ይህን ለማንሣት አልደፈረም ነበር። አሁን እናነሣዋለን። ለሁሉም የሚስማማ ቀን ባይገኝም፣ እያንዳንዷ አውቃ ትወስናለች።

አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉ መሆናቸውን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተናል። መስማትና ማየት ግን ይለያያል። ቤተ መድኃኔዓለምን ስናይ ከመካከላችን አንዷ በመዳፏ ግድግዳውን እየደባበሰች «ይሄን የጠረቡት ሰዎች ማታ እራት ማን ሠራላቸው?» አለች። ሳቅን እንጂ ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም። ድንጋዩን የጠረቡትን መላእክት ረድተዋቸዋል ይባላል፤ እራቱን የሠሩትን ማን እንደረዳቸው የሚናገር ግን አልሰማንም።

ቤተ ጊዮርጊስ ስንደርስ ቆሎ ሻጯ እህታችን ጉልበቷ እምቢ አላት። በ2012 ቢሆን ኖሮ ትወርድ ነበር፤ ያኔ ድንች በጆንያ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ሴት ነበረች። በሦስት ዓመት ውስጥ ጉልበቷ ሄደ። ሁለት ሆነን እንደግፍሽ ብንላት አልፈለገችም። ከላይ ዓለቱ ላይ ተቀመጠች። እኛ ወርደን ጨለማው ውስጥ ስንተሻሽ፣ እሷ ከላይ ሆና የጣራውን መስቀል እያየች ቆየች። ስንመለስ ምን ትለን ይሆን ብለን ፈርተን ነበር። «ሃያ ዓመት ቆሎዬን እየበሉ የሚያልፉት ይሄን ሊያዩ ነው ለካ» አለች፤ ቀጥላም «ከላይ ነው የሚያምረው፣ እናንተ አላያችሁትም» አለችን። እውነቷን ነው። ከላይ ካልታየ መስቀሉ አይታይም።

ይቅርታ ጠየቅናት። እሷ ግን ወሬውን ወደ ስንቁ መለሰችው።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በሌላው አቅጣጫ ወጣን፤ ወደ አውራ አምባ። ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ሳይደርስ፣ በፎገራ ወረዳ ያለ ትንሽ ማኅበረሰብ ነው። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ነው። እዚያ ወንዱ ወጥ ይሠራል፣ ይፈትላል፤ ሴቷ ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤትም አላቸው። እኛ ዘንድ ፈትል የሴት ነው፣ ሸማ የወንድ። ሴት በሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ስትወረውር ስናይ ከመካከላችን አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

በመመለሻው መኪና ውስጥ የተነሣው ክርክር ከጉዞው ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። «ይሄ እኛ ጋ አይሆንም፣ ሃይማኖታችንም ባህላችንም ሌላ ነው» ያለች አለች። «ሃይማኖት ወንድ ውኃ አይቅዳ አላለም» ብላ የመለሰች አለች። አንዷ ደግሞ «እኔ የምፈልገው እንዲያርሱልኝም እንዲሸምኑልኝም አይደለም፤ በሚካኤል ቀን እንድቀመጥ ብቻ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ታቦር ዝም ተባለ።

እስቲ ስለዚህ የሚካኤል ቀን እንነጋገር። በአገራችን የማይታረስበት ቀን ብዙ ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ ቅዳሜው፣ እሑዱ። በሬው ከቀንበር ይፈታል፣ ገበሬው ጋቢውን ለብሶ በጥላው ሥር ይቀመጣል። እኛስ? ፈትል አንፈትልም፣ እህል አንፈጭም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ውኃው በዓል አያውቅም። ልጁም በዓል አያውቅም። እንዲያውም በበዓል ቀን እንግዳ ይመጣል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ማታ የተከመረው ዕቃ ይታጠባል። በሬው ያረፈበት ቀን ለእኛ እጥፍ ሥራ ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. የአገሪቱን የጊዜ አጠቃቀም ሲያጠና፣ ክፍያ የሌለውን የቤት ሥራ በብዛት የምትሠራው ሴት መሆኗን በቁጥር አሳይቷል። ቁጥሩ ያስፈለገው ለእኛ አልነበረም።

አንዲት ተምራ የመጣች ልጃችን ስለ መብት ስታስረዳን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ዕረፍትና የመዝናኛ ጊዜ የማግኘት መብት አላቸው እንደሚል ነገረችን። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ለተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል። ደስ ይላል። ታዲያ እኛን የቀጠረን ማን ነው? ፈቃዳችንን የሚፈርመውስ? ብለን ብንጠይቃት እሷም መልስ አልነበራትም።

ስለዚህ ራሳችን ፈረምን። እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የቡድናችን አባላት ሥራ አይሠሩም። ለባሎቻችን ቀደም ብለን አስታወቅን። አንዳንዶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ «ማን አስተማራችሁ?» አሉ። የአንዷ ባለቤት በመጀመሪያው እሑድ ለልጆቹ ሽሮ ሊሠራ ገብቶ ድስቱን አሳረረው፤ ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ውኃ ይዞ መጣ። አሁን ግን ሽሮው ደህና ነው ይባላል። እሷ ገና አልቀመሰችውም፤ በዚያ ሰዓት ቤት አትገኝማ። ሁሉም ቤት እንዲህ የሚያስቅ አይደለም። ሁለት አባሎቻችን እስከ ዛሬ በዚህ ምክንያት በቤታቸው ጭቅጭቅ አለ። አንዷ መምጣት አቁማለች። ለእሷ ምን ማድረግ እንዳለብን አልደረስንበትም።

ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ረጅም መንገድ ማሰብ ከብዶናል። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ የእሑዷ ሁለት ሰዓት የጉዞውንም ቦታ ያዘች። የምናደርገው ቀላል ነው፦ እንሰማለን፣ እናወራለን፣ ገበጣ የሚጫወቱ አሉ፣ ስፌት የሚሰፉ አሉ።

በስፌቱ ላይ አንድ ነገር ገጥሞናል፤ የሌሎቻችሁን አስተያየት በጣም የምንፈልገው በዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን አንዷ በስንደዶና በአክርማ የምትሰፋው መሶብ ሰው ቆሞ የሚያየው ነው። ቀለሙን ራሷ ትነክራለች፣ ጌጡንም ከራሷ ታወጣለች። አንድ ጊዜ የጀመረችው መሶብ ዓመት ሊፈጅባት ይችላል፤ ደስ ሲላት ትሰፋለች፣ ሲከፋትም ትሰፋለች። ከነሐሴው በኋላ በእጇ ላይ የነበረው ጥቁር የበዛበት ነው። አንድ ጊዜ ሊጎበኙን የመጡ እንግዳ ይህን አይተው «ለምን አትሸጡትም? ገበያ እናገናኛችኋለን» አሉ። በጎ አስበው ነው። አርባ ትንንሽ ሞሰብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ በሁለት ወር ውስጥ ታዘዘች። ብሩ ጥሩ ነበር፤ አንዋሽም፣ የልጇን የትምህርት ወጪ ሸፈነችበት።

ግን በሃያ አምስተኛው ላይ እሑድ መምጣት አቆመች። «ሥራ አለብኝ» አለች። አርባውን ጨርሳ ካስረከበች በኋላ ለብዙ ወር ወስፌ አልነካችም። ያ የጀመረችው ትልቁ መሶብ በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ስንጠይቃት «እጄ ሰለቸኝ» አለች። የሰለቸው እጇ ነው ወይስ ሌላ፣ አልጠየቅናትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? በቡድናችን ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው «ደሃ ሰው የማይሸጥ ነገር አይሠራም፤ በብሩ ልጇ ተምራለች፣ ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለ?» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ለገበያ የሚሆን ድንች አለን፣ በግ አለን፤ አንድ ነገር እንኳ ለራሷ ይቅርላት» ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናዘነብላለን፤ ግን የልጇን የትምህርት ወጪ የምንከፍልላት እኛ ስላልሆንን አፋችንን ሞልተን አንናገርም። ለጊዜው የተስማማነው፣ በእሑዷ ሁለት ሰዓት የሚሰፋ ነገር ዋጋ አይጠየቅበትም በሚለው ነው። በሌላው ሰዓት የምትሰፋውን እሷ ታውቃለች። ባለፈው ወር ትልቁን መሶብ ከግድግዳው አውርዳ ይዛ መጥታ ነበር። ቢጫ ጨምራበታለች።

ስለ ልጃገረዶቻችን ደግሞ በአጭሩ። የእነሱ መዝናኛ ስልክ ነው፤ ቲክቶክና ቴሌግራም። አንዳንዶቻችን እንቆጣቸዋለን። ወጋየሁ ንጋቱን ያመጣችልን ግን ያው ስልክ ስለሆነ ቁጣችን ብዙ አይርቅም።

አሁን ምክራችሁን እንለምን። ሣጥኑ ውስጥ ለአንድ አጭር ጉዞ የሚሆን ብር ተጠራቅሟል። ሦስት ሐሳብ ቀርቧል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባሎቻችን በደራ ወረዳ ወዳለው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ እንሂድ ይላሉ፤ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ስንት ቀን ማደር እንደሚያስፈልግና ለሴቶች የተለየ መታጠቢያ እንዳለ ንገሩን። ወጣቶቹ ጣናን በጀልባ ማየት ይፈልጋሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማያስገቡ ስለምናውቅ፣ በዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ነው የምናስበው። ሦስተኛው ሐሳብ መኪናም ጀልባም አይፈልግም፦ በመስከረም ማብቂያ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ጉናን ወጥተን ጅብራውን አይተን መመለስ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየቀኑ እናየዋለን፣ ከመካከላችን ጫፉ የወጣች ግን አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ልጅ ሳለች የጠፋ በግ ፍለጋ ነው።

ቆሎ ሻጯ እህታችን የትኛውን እንደምትመርጥ ጠይቀናት ነበር። ጉና አልሄድም ብላለች። ጣና ግን ከሆነ ከፊት መቀመጫ ይያዝልኝ ብላለች፤ በዚያኛው መንገድ የሚያልፉት ደግሞ ምን ሊያዩ እንደሚሄዱ ማወቅ ትፈልጋለች።

ሐሳባችሁን ከስብሰባው በኋላ ለማንኛችንም መንገር ትችላላችሁ፤ ቡናው ከወዲያኛው ክፍል ነው። ቆሎውም የእሷ ነው፣ ዛሬ ግን አይሸጥም።